ሁለት ነጫጭ ቲዩቦች

ማንያህልሻል ዓይኗን ጨፍና እጇን ከረጢቱ ውስጥ ሰደደች። ላስቲክ ምንጣፉን አለፈች፣ ሳሙናውን አለፈች፣ የተጠቀለለውን ፎጣ ወደ ጎን ገፋ አደረገች። ጣቶቿ ከታች ያለችውን ትንሽዬ የቅባት ማሸጊያ አገኙ፤ ከፈቱና አንድ ቲዩብ ይዘው ወጡ።

"የዓይን ነው" አለች ለራሷ።

ዓይኗን ስትገልጥ የእትብት ሆኖ አገኘችው።

መልሳ ከተተችና ደገመች። አሁንም ደገመች። ከአምስት ጊዜ ሦስቱን ሳተች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያዋልድ የኖረ እጅ ከአምስት ሦስቱን ሲስት ቀልድ አይደለም።

"እትዬ ማንያህል፣ ጸሎት ነው ወይስ እንቅልፍ?" ጀማነህ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት አጠገቧ አቁሞ ይስቅባታል። "እንቅልፍ ከሆነ ለእኔም ጥግ ይያዙልኝ።"

"ሂድ ወዲያ፣ ሥራህን ሥራ።"

ሌላ ቀን ቢሆን የሚገባውን መልስ አታጣለትም ነበር። ጀማነህም ይህን ስለሚያውቅ ፊቷን አየት አድርጎ ሳቁን ዋጠና መኪናውን አንቀሳቀሰ።

ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ተኩል ነው። ኮሎምበስ አጠገብ ባለችው ግሮቭ ሲቲ ውስጥ ካሉት መጋዘኖች ሁሉ ይህ ከአንድ የጎማ ማከፋፈያ ጀርባ የተለጠፈው ትንሹ ሳይሆን አይቀርም። ሥራውም እንደ ጎረቤቶቹ ጫማና ቴሌቪዥን ማመላለስ አይደለም። አንድ አነስተኛ የእርዳታ ድርጅት ለኔፓል ወላዶች የማዋለጃ ከረጢት ያሰናዳበታል። ከረጢቶቹ ባሕር ተሻግረው፣ ከዚያ በበቅሎና በሰው ጀርባ ተራራ ወጥተው፣ መብራት የሌላቸው ጤና ኬላዎች ድረስ ይሄዳሉ። አንድ ከረጢት ለአንዲት ወላድ ነው። ከሥሯ የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ሳሙና፣ ጓንት፣ ንጹሕ ምላጭ፣ የእትብት ማሰሪያ ክር፣ ሕፃኑ የሚጠረግበት ፎጣ፣ ለጭንቅላቱ የምትሆን ቆብ፣ እና ሁለት ቅባት ይዟል። ሲያዩት ተራ ዕቃ ነው፤ ግን ይህ ተራ ዕቃ በመጥፋቱ ብቻ ስንት እናትና ሕፃን እንደሚያልፍ ያየ ሰው ከረጢቱን አይወረውረውም። ማንያህልሻል አይታለች።

ከቅባቶቹ አንዱ ሕፃኑ ዓይን ውስጥ የሚገባ ነው። ሌላው የተቆረጠው እትብት ላይ ይቀባል፤ ጀርም ገዳይ ነው፣ ብዙ ሕፃን ከሞት ያተርፋል። ይኸው የእትብት ቅባት በስሕተት ዓይን ውስጥ ቢገባ ግን ያቃጥላል፤ ሊያሳውርም ይችላል። እስካለፈው ሳምንት ድረስ የእትብቱ የሚመጣው አፉ ሰፊ በሆነ አጭር ጠርሙስ ስለነበር ማንም አያምታታውም። ጠርሙሱ ገበያ ላይ ጠፋና በምትኩ ቲዩብ መጣ። ከዓይኑ ጋር ያው ነጭ፣ ያው ቁመት፣ ያው ክዳን። የሚለያቸው አንገታቸው ላይ የተሰመረች ቀጭን መስመር ናት፤ የዓይኑ ሰማያዊ፣ የእትብቱ አረንጓዴ።

ማንያህልሻል ይህን ያየችው ዛሬ አይደለም። ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሐምራዊት የመጀመሪያውን ካርቶን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። ሐምራዊት የመጋዘኑ ኃላፊ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች፤ ይህም ለብቻዋ የምትመራው የመጀመሪያ ጭነት ነበር። "አገኘሁት! ጋይስ፣ ስንት ሰፕላየር ኮል አድርጌ አገኘሁት!" ብላ ጮኸች። ለሠራተኛው ሁሉ ዶናት ገዝታ ነበር። ሁሉም አጨበጨበ። ማንያህልሻልም አጨበጨበች፤ ዓይኗ ግን ቲዩቡ ላይ ነበር።

ታዲያ ለምን ዝም አለች? ይሉኝታ ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ሐምራዊት የሉሊት ልጅ ናት። ሉሊት ደግሞ ማንያህልሻል የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ዲቪ ደርሷት ስትመጣ የመጀመሪያውን በረዶ ቤቷ አስጠልላ ያሳለፈቻት ሴት ናት። ኢስተን ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ወገቧ አልታዘዝ ሲላት እዚህ ያስገባቻትም ይህችው ሐምራዊት ነች። ልጅቱ በሰው ፊት እንዲያ ደስ ብሏት ሳለ ከኋላ ተነስቶ "ይሄ ነገር ልክ አይደለም" ማለት ምን የሚሉት ውለታ ቢስነት ነው? ደግሞስ እሷ እዚህ አገር ምንድን ናትና? ከረጢት ሞይ። የአዋላጅነት ወረቀቷ ሻንጣ ውስጥ ከታጠፈ ዘጠኝ ዓመቱ። የድርጅቱ ትልልቅ ሐኪሞች ሳያዩት አይቀሩም ብላ ራሷን አባበለች። ረቡዕን እንዲህ ዋለች፤ ሐሙስንም እንዲሁ። እጇ ከረጢት ሲሞላ አፏ እንደተለጎመ ሁለት ቀን አለፈ።

ዛሬ ግን ጭነቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊወጣ ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ከረጢት በስልሳ ካርቶን ታሽጎ በሩ አጠገብ ተደርድሯል። ማንያህልሻል በእጇ የያዘችውን ቲዩብ አንድ ጊዜ አየችው፣ ካርቶኖቹንም አየቻቸው። ከረጢቱን አንስታ ወደ ቢሮ ሄደች።

"ሐምራዬ፣ አንድ ጊዜ።"

"እትዬ፣ ትንሽ ትጠብቂኛለሽ? ፔፐርወርኩን ልጨርስ፣ ትራኩ ሊመጣ ነው።"

"አልጠብቅም።"

ድምጿ ራሷንም አስደነገጣት። ሐምራዊት ቀና አለች።

"ዋት ሃፕንድ? ሰው ተጎዳ?"

"ገና ነው። ተነሽ፣ ይቺን ጓንት አድርጊና ተከተዪኝ።"

የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል መስኮት የለውም። ማንያህልሻል ልጅቱን አስገብታ በሩን ዘጋች፣ መብራቱንም አጠፋች። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

"እትዬ፣ ዋት አር ዊ ዱዊንግ?"

"ዝም ብለሽ ስሚኝ። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ጣራውን ይደበድበዋል። መብራት የለም። ሕፃኑ ወጣ፣ አለቀሰ፣ ተመስገን። እናቱ ደምታ ነበር፣ በስንት መከራ ደሙን አቆምሽ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጎንሽ አልጋ አልነካም። ደጅ ሌላ ወላድ በቃሬዛ መጥታ ትጮኻለች፤ ከአንቺ በቀር ሰው የለም። በይ አሁን ቶሎ፣ የዓይኑን ቅባት ከከረጢቱ አውጪልኝ።"

ጨለማው ውስጥ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ሐምራዊት በረዥሙ ተነፈሰች።

"ይኸው። አገኘሁት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይ ቲንክ ሶ።"

"ሕፃኑ 'አይ ቲንክ' አያውቅም። ክፈቺውና ዓይኑ ውስጥ ጨምሪ።"

ክዳኑ ሲፈታ ማንያህልሻል በሩን ከፈተችው። ብርሃኑ ሲገባ ሐምራዊት እጇ ላይ ያለውን አየች። አንገቱ ላይ ያለችው መስመር አረንጓዴ ናት።

ልጅቱ የተደፋ የመወልወያ ባልዲ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "ሌብሉ ላይ እኮ ተጽፏል" አለች፣ ራሷም ሳታምንበት። "በኔፓሊኛም በእንግሊዝኛም።"

"ጽሕፈት መብራት ይፈልጋል።"

"እስቲከር ብንለጥፍስ? ቀይ እስቲከር?"

"በጨለማ ቀዩም ነጩም አንድ ነው፣ ልጄ። እኔ ጋይንት ሳለሁ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ አዋልጄ ከኪሴ የዓይን ቅባት ያወጣሁ መስሎኝ የቆዳ ቅባት አውጥቻለሁ። ጣቴ የሕፃኑ ዓይን ቆብ ላይ ደርሶ ነበር። ሽታው ነው ያነቃኝ። ለማንም አውርቼው አላውቅም። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አሽትቻቸዋለሁ፤ ሽታም የላቸው።"

ሐምራዊት ቲዩቡን በሁለት እጇ ይዛ ታገላብጠዋለች። "እኔ ነኝ ያዘዝኩት። የቲዩቡ ሳይዝ ትክክል ሆኖ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ..." ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እትዬ፣ መቼ ነው ያየሽው? ዛሬ ነው?"

ማንያህልሻል እውነቱን ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር። ልጅቱ ግን ባልዲ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው።

"ዛሬ" አለች።

"ሺፕመንቱን ላስቀረው? ካስቀረሁት እኮ ቀጣዩ መርከብ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።"

"ስድስት ሳምንት ሙሉ እዚያ የሚወልዱትስ? ምላጩም ሳሙናውም ይቅርባቸው? የለም፣ ጭነቱ ይሄዳል። ካርቶኖቹን እንፈታና እንደገና እንሞላለን።"

"አንድ ሺህ ሁለት መቶውን? በአራት ሰዓት ውስጥ?"

"ተነሽ፣ እያወራን ሳለ አንዱን በሞላነው።"

ልጅቱ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ተነሣች። ይህች ልጅ የሚነቀፍባት ነገር አይጠፋም፤ አማርኛዋ ይሰባበራል፣ እንግዳ ሲመጣ ከወንበሯ አትነሣም። ግን ስሕተቷን ስታይ ምክንያት ስትደረድር አልዋለችም፤ ይህን ማንያህልሻል በልቧ መዘገበችላት።

ስድስቱ ሠራተኞች ረዥሙን ጠረጴዛ ከበቡ። ማንያህልሻል አንድ ከረጢት ዘረገፈች። እንግሊዝኛዋ ሲያስቸግራት ለጀማነህ በአማርኛ ትነግረዋለች፣ እሱ ለሌሎቹ ይመልሰዋል።

"እስካሁን የሞላነው እንደ ባለ ሱቅ ነው። ጨርቅ ከጨርቅ፣ ቅባት ከቅባት። ሲያዩት ያምራል። አዋላጅ ግን እጇ የሚሄደው በሥራዋ ተራ ነው። እትብት ስታስር፣ ስትቆርጥና ስትቀባ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ነው የምትፈልገው። ስለዚህ ምላጩ፣ ክሩና የእትብቱ ቅባት አንድ ላይ በዚች ማሸጊያ ይገባሉ። የዓይኑ ቅባት ደግሞ ቆቡ ውስጥ ይጠቀለላል። ቆቡን ለሕፃኑ ልታጠልቅ ስታነሣ የዓይኑን እዚያው ታገኘዋለች።"

"ሁለቱም ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ቢደባለቁስ?" አለ ጀማነህ። ለዕለቱ ቀልድ ትቷል።

ይህን ጊዜ ዲል ማያ የጸጉሯን ማሰሪያ ላስቲክ ፈታች። አጠር ያለች፣ ከስልሳ የማትርቅ ሴት ናት። ኔፓል ውስጥ ባለ የስደተኞች ካምፕ አሥራ ስምንት ዓመት ኖራ ነው ኮሎምበስ የመጣችው፤ እዚያም ካምፑ ውስጥ ምጥ የያዛትን ሴት እየደገፈች ሐኪም ጋ የምታደርስ፣ ካልተደረሰም ሕፃኑን እዚያው የምትቀበል በጎ ፈቃደኛ ነበረች። ማንያህልሻልን "ዲዲ" ትላታለች፤ በአገሯ እትዬ እንደማለት ነው። የሁለቱ እንግሊዝኛ ቢደመር የአንድ ሰው አይሞላም፣ ሲግባቡ ግን ለጉድ ነው። ዲል ማያ የጸጉር ላስቲኩን በእትብቱ ቲዩብ አንገት ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠመችና ዓይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"እጅ ያውቃል፣ ዲዲ" አለች። "ዓይን አያስፈልግም።"

ማንያህልሻል ተቀብላ በጓንት ዳሰሰችው። በሳሙና የረጠበ ጓንት አጥልቃም ደገመች። ላስቲኩ እምቢ ብሎ ጣት ላይ ይቆማል። ለአንድ አፍታ እንዲህ ያለ መላ ባንዲት ደቂቃ መፈለቁ አስገረማት፤ ዲል ማያ ቀደም ብላ ሳታስብበት አልቀረችም። ግን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም።

ጀማነህ የጸጉር ላስቲክ ሊገዛ መኪናውን አስነሥቶ በረረ። ዲል ማያ ስልኳን አውጥታ በኔፓሊኛ ስትጮህ ቆየች፤ ሐምራዊት የተጣላች መስሏት ደንግጣ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት መኪና ሙሉ ሴት መጣ። ገሚሶቹ ከሌሊት ሺፍት የወጡ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ሥራ ልብሳቸውን ያላወለቁ ናቸው። አንዷ ሩዝና ምስር በትልቅ ሰሃን ይዛለች። ዲል ማያ ሁለት ቲዩብ አንስታ ነገሩን ስታስረዳቸው አንዲት ሽማግሌ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ሁሉም እጃቸውን ታጥበው ወደ ጠረጴዛው ገቡ።

እንዲህ ያለ ሥራ ማንያህልሻል ከአገሯ ከወጣች ወዲህ አላየችም። አንዱ ጫፍ ካርቶን ይቀደዳል፣ ከረጢት ይዘረገፋል፤ መሀል ላይ ላስቲክ ይጠመጠማል፣ ቆብ ይጠቀለላል፤ ሌላው ጫፍ ሐምራዊት እየቆጠረች ታሽጋለች። ጥፍራቸው በሥራ ያለቀ፣ በማሽንና በሳሙና የሻከረ እጆች ያቺን ትንሽ ቆብ ሲይዟት ግን ሕፃኑ ውስጧ ያለ ያህል ይሳሱላታል። ሽማግሌዋ እያንዳንዷን ቆብ ከጠቀለሉ በኋላ መታ መታ አድርገው ነው የሚያስገቧት። ይህ ጊዜ እየፈጀ ቢሆንም ተዉ የሚላቸው አልተገኘም። ማንያህልሻል ከየካርቶኑ አንድ ከረጢት እየመዘዘች ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እጇን ትሰዳለች፣ "እትብት" ትላለች፤ "ዓይን" ትላለች። አንድም ጊዜ አልሳተችም።

"ስንተኛው ነው?" ትላለች በየመሀሉ።

"ሃያ አራተኛ ካርቶን።"

"ቀጥይ።"

"እትዬ፣ ውኃ እንኳን ጠጪ።"

"ምጥ ላይ ያለች ሴት ትቼ ውኃ ጠጥቼ አላውቅም። ቀጥይ።"

ዘጠኝ ሰዓት ሲል የትራኩ ጥሩምባ ተሰማ። ሾፌሩ ሳላሃዲን ወርዶ ወደ ውስጥ ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። አርባ ሦስት ካርቶን ታሽጓል፣ አሥራ ሰባት ይቀራል፤ አዳራሹ በሴት ተሞልቷል።

"ምንድነው፣ ሠርግ ነው እንዴ?" አለ። "ሐምራዊት፣ ጭነቱን የሚረከበው የባቡር ያርድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዘጋ በኋላ እግሬ ሥር ብትወድቂ አልችልም።"

"እስከ አሥር ሰዓት ጠብቀኝ። ፕሊስ።"

"እስከ አሥር። ከዚያች ደቂቃ አልጨምርም።" ይህን ብሎ ትራኩ ውስጥ የሚቀመጥ መስሏቸው ነበር። ጃኬቱን አውልቆ መጣና የማሸጊያ ፕላስተሩን ከሐምራዊት እጅ ተቀበላት። "ቆሜ ከማያችሁ ብዬ ነው" አለ፤ "በኋላ ለምስጋና እንዳትሰለፉ።"

አሥር ሰዓት ሲሆን ሃምሳ ሰባት ካርቶን ተጭኗል። ሦስቱ እንደነበሩ ቀርተዋል። ጀማነህ ሦስቱን በፎርክሊፍቱ አንሥቶ በሩ ላይ ቆመና ድምጹን ዝቅ አደረገ።

"ሐምሪ፣ ሦስት ብቻ ናቸው እኮ። ከሃምሳ ሰባቱ መሀል ብንወትፋቸው ወረቀቱም ልክ ይሆናል፤ ማን ያውቃል?"

ማንያህልሻል ሐምራዊትን ታያት ጀመር። ይህ የእሷ ፈንታ አልነበረም፤ ልጅቱ በራሷ እንድትለው ፈለገች።

ሐምራዊት ወረቀቱን አየች። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይላል፣ ለለጋሹም ለጉምሩኩም የተላከው ቁጥር ያው ነው። "ሦስት ካርቶን ማለት ስልሳ ሕፃን ነው" አለች። "ኖ። አውርዳቸው፣ ጋሼ ጀማነህ። በሚቀጥለው ይሄዳሉ።" እስክሪብቶዋን አውጥታ ቁጥሩን ሰረዘችና አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ብላ ጻፈች፣ ከጎኑም ፈረመች።

ትራኩ ሲወጣ ሁሉም በሩ ላይ ቆመው አዩት። ማንያህልሻል ኮራች። ይህችን ልጅ ዳይፐር አድርጋ በሳሎን ስትድህ አላየቻትም፤ ብታያት ኖሮ ግን ዛሬ የሚሰማት ኩራት ከዚህ አይበልጥም ነበር።

ቁጥሩ ስለጎደለ ለድርጅቱ ዳይሬክተር መደወል ግድ ነው። ሐምራዊት ስልኳን ይዛ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ማንያህልሻል ተጠጋቻት።

"ልጄ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት በያት። አሮጊቷ አምታታችው በይ። እኔን ማን ይቆጣኛል? ገና ብዙ የሚጠብቅሽ ነገር አለ፤ ስምሽ አይነሣ።"

"እትዬ፣ ኖ።"

"እኔ ነኝ የምልሽ።"

"እናቴም እንዲህ ነው የምትለው። ኖ።" ስልኩን ድምጽ ማጉያ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ዳይሬክተሯ ዶክተር ጁዲት አነሣች። ሐምራዊት አልተንተባተበችም፤ እንግሊዝኛዋ ቤቷ ነው። ቲዩቡን የመረጠችው ራሷ መሆኗን፣ ሳታስፈትሽ ማዘዟን፣ ስልሳ ከረጢት መቅረቱን አንድ በአንድ ተናገረች። "ስሕተቱ የእኔ ነው" ብላ ጨረሰች። ማንያህልሻል እንግሊዝኛ መናገሩ እንጂ መስማቱ ብዙ አያቅታትም፤ አንድም ቃል አላመለጣትም።

"ስላልደበቅሽኝ አመሰግናለሁ" አለች ዶክተሯ። "ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ከማክሰኞ ጀምሮ ስድስት ሰው እነዚህን ቲዩቦች ሲይዝ ውሏል። አንድ ሰው እንኳን አላስተዋለም?"

"ዛሬ ነው የታየው" አለች ሐምራዊት። "ያየችው ወይዘሮ ማንያህልሻል ናት። አዋላጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት አዋልዳለች። ይህን ሁሉ ያደረገችውም እሷ ናት።"

"እዚያ አለች? መስማት ትችላለች? ወይዘሮ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ አንድም ጭነት አንቺ ሳትፈትሺው ከዚያ በር አይወጣም። ሰኞ ስለዚህ እንነጋገራለን።"

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ጀማነህ አፏጨ። አሁን የሚጠበቅባት "ታንክ ዩ" ማለት ብቻ ነው፤ ቃሉም አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለዚህ አገር ሰው "አዋላጅ ናት" ተብሎ ሲነገርላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጣፍጧታል፣ ቢጣፍጣትም አይፈረድባትም።

ግን ሦስቱ ካርቶኖች ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለዋል። ማክሰኞ ተናግራ ቢሆን ኖሮ እነዚህም ትራኩ ላይ ነበሩ። ዛሬ ጉንፋን ይዟት ቀርታ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አንድ ሺህ ሁለት መቶው ሁሉ መንገድ ላይ ነበር፤ ያን ለማሰብ እንኳን ፈራች። ዶክተሯ የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፤ የተሰጣት መልስ ግን ልክ አይደለም። ይህ መልስ እንዲሁ ከታለፈ የሚስተካከለው ቲዩቡ ብቻ ነው። ነገ ሌላ ነገር ሲበላሽ ሌላው ሰው እንደሷው አይቶ፣ እንደሷው አጨብጭቦ፣ ዝም ይላል።

ማንያህልሻል መቀመጫዋን ወደ ስልኩ ሳበች። እንግሊዝኛውን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ዶክተር፣ ዛሬ አይደለም። ማክሰኞ ነው ያየሁት። አይቼ ዝም አልኩ፤ ሐምራዊት በሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ስትጠይቀኝም 'ዛሬ ነው' ብዬ ዋሸኋት።"

ሐምራዊት ፊቷን አዙራ አየቻት፤ ማንያህልሻልም ዓይኗን አልሰበረችም።

ዲል ማያ የያዘችውን ቆብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሴቶቹን በትከሻዋ እየገፋች መጣችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"እኔ ረቡዕ አየሁ" አለች።